የ3 ሳምንት ሥዕሌን በ10 ደቂቃ ቫርኒሽ ጉድ ሠራሁት

ኧረ ሰዎች፣ እስኪ ዛሬ ልተንፍስ። ካልተናገርኩት ያፈነዳኛል።

3 ሳምንት ሙሉ የለፋሁበት የሌሊት ሰማይ ነበረኝ። በአክሪሊክ፣ በውሃ በሚቀጥነው ቀለም። የፈለግኩት ድቅድቅ ያለ ሰማያዊ ነበር፤ ከስንት ድርብርብ በኋላ አገኘሁት። ራቅ ብዬ ቆሜ አየሁትና "እሰይ!" አልኩ። እዚያው ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ግን "ሥዕል ያለ ቫርኒሽ አላለቀም" ይላሉ አይደል? ማታ ይህንን ሥዕል ከላይ የሚጠብቅ ግልጽ ልባስ ቀባሁት። ጠዋት ስነሳ ሰማዩ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ጠበቀኝ።

የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? ሲሣሉ መሳሳት ችግር የለውም። አክሪሊክ ደግ ቀለም ነው። አበላሻችሁት? እስኪደርቅ ትጠብቃላችሁ፣ ከላዩ ትደርባላችሁ፣ ማንም አያውቅባችሁም። ቫርኒሽ ግን የመጨረሻው ነው። እሱን የሚሸፍንለት የለም።

በመጀመሪያ መጠበቁ ራሱ። አክሪሊክ ቶሎ ይደርቃል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት ማለት ይቻላል። እውነት ነው፣ ላዩ ቶሎ ይደርቃል። ውስጡ ግን ውሃው ገና እየተነነ ነው። ስስ ከሆነ ቀናት፣ በሥዕል ቢላ ወፈር ተደርጎ ከተለጠፈ ደግሞ ሳምንታት ይፈልጋል። እኔ ጨረቃዋን የለጠፍኳት በቢላ ነው። ስንት ቀን ጠበቅኩ? 2! ያውም ራሴን ታጋሽ ብዬ እያደነቅኩ።

ከዚያ ምርጫው ይመጣል። ግሎስ፣ የሚያብለጨልጨው ቫርኒሽ፣ ቀለሙን ያጠልቀዋል፣ ጥቁሩን ጥቁር ያደርገዋል። ግን ፊቱ ስትቆሙ የምታዩት መስኮቱንና የራሳችሁን ግንባር ነው። ስለዚህ ማት፣ የማያብለጨልጨውን፣ ገዛሁ። ማት ለምን እንደማያብለጨልጭ ግን የነገረኝ የለም። ለካ ውስጡ ብርሃን የሚበታትን ደቃቅ ዱቄት አለበት! አንድ ጊዜ በስሱ ሲቀባ ብዙም አያስታውቅም። ሲደራረብ፣ በተለይ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ላይ፣ ጭጋግ ይሆናል። እኔ "ይጠንክርልኝ" ብዬ 3 ጊዜ ደረብኩት። ለካ ሥርዓቱ ከሥር በግሎስ መደረብ፣ ማቱን መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ በስሱ ማስኬድ ነው። ይሄ እኮ ጠርሙሱ ላይ በትልቁ መጻፍ የነበረበት ነገር ነው!

ዱቄቱ ደግሞ ሥሩ ይዘቅጣል። በቀስታ ማማሰል ነው ያለበት ሰው። እኔ ግን እንደ ሽሮፕ፣ "ከመጠቀምዎ በፊት በደንብ ይነቅንቁ" እንደተባለ፣ ነቀነቅኩት። አረፋ በአረፋ። አረፋዎቹ ሸራው ላይ ፈነዱና የመርፌ ቀዳዳ የመሰሉ ነጠብጣቦች ትተው ሄዱ። ሰማዩ ላይ ያልሣልኳቸው ከዋክብት ወጡለት።

ፀጉሯን ሳልረሳ። 3ኛውን ንብርብር ጨርሼ ጎንበስ ብዬ በጎን ብርሃን ሳየው፣ ከጨረቃዋ በስተግራ አንዲት የብሩሽ ፀጉር ተጋድማለች። ቅንድብ ነው የምትመስለው። ቫርኒሹ መያዝ ጀምሯል። "ተዋት" ይለኛል አንዱ ልቤ። አልተውኳትም። በጥፍሬ ጫፍ ላነሳት ስል ቫርኒሹ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማዶ አብሯት መጣ። ያንን ላስተካክል ብዬ ብሩሽ መለስኩበት። በቃ፣ አለቀልኝ። መያዝ የጀመረ ቫርኒሽ ላይ ብሩሽ መመለስ ጭረቱን አንድ ጣት ከነበረ አንድ ክንድ ማድረግ ነው።

አሁን አዋቂዎቹ መጡ። "ምን ያስጨንቅሃል፣ ቫርኒሽ እኮ ይለቃል!" አዎ ይለቃል። አንዳንዱ በነጭ ጋዝ ዓይነት ማሟሟቻ፣ አንዳንዱ በአሞኒያ፣ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ አይለቅም። የሚለቀውም ቢሆን ያለ ሥጋት የሚለቀው ከቀለሙና ከቫርኒሹ መሃል መለያ ካለ ነው። መለያው ምን መሰላችሁ? ግሎስ ጄል የሚባል ቀለም የሌለው ወፍራም አክሪሊክ በውሃ ቀጠን ተደርጎ ቫርኒሹ ከመቀባቱ በፊት ይቀባል፤ ከዚያ ወዲያ ቋሚ ነው፣ አይነሳም። ማሟሟቻው እሱ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ቀለሙን አይነካም። እኔ ዘልዬዋለሁ። የእኔ ቫርኒሽ ደግሞ በአሞኒያ የሚለቀው ዓይነት ነው፤ አሞኒያ የአክሪሊክ ቀለምንም አይምርም። ጠርዙ ላይ በጥጥ ሞከርኩት። ጥጡ ሰማያዊ ሆኖ ተመለሰ። ያቺን ድቅድቅ ሰማያዊዬን ጥጥ ላይ አገኘኋት።

"ከላዩ ግሎስ ቀባበት፣ ይመለሳል" ያሉኝም አሉ። ቀባሁ። ትንሽ ተመለሰ፣ አልዋሽም። ግን ውስጥ የተቀበረው ዱቄት የት ይሄዳል? አሁን የሚያብለጨልጭ ጭጋግ አለኝ። ይባስ ብሎ ባለፈው አንድ ወዳጄ አይቶት "ጉሙን እንዴት አድርገህ ነው የሣልከው?" አለኝ። በትዕግሥት አልኩት።

ሌላ ሥዕል ጨርሼ ጥግ ላይ አቁሜዋለሁ። መለያውን ቀብቼዋለሁ፣ በጎን ብርሃን አንድ በአንድ መርምሬዋለሁ፣ ፀጉር የለበትም። ቫርኒሹ ከጎኑ ተቀምጧል። ዛሬ 9ኛ ቀኑ ነው። በጣቴ ልነካው አምሮኛል፣ አልነካውም።