ዘረኝነትን በጉልበት

የዘመናችን ትልቁ ግኝት ምንድን ነው ብትሉኝ የጉልበት መለኪያው ነው እላለሁ። ድሮ የሰውን ልብ ለማወቅ አብሮ መክረም ይጠይቅ ነበር። አሁን ዕድሜ ለስፖርት፣ ተጫዋቾች ዘረኝነትን ለመቃወም ከጨዋታ በፊት በአንድ ጉልበታቸው የሚንበረከኩባት ጥቂት ሰከንድ ትበቃለች። ጉልበቱ ሣሩን ከነካ ደግ ሰው፤ ካልነካ ዘረኛ። አለቀ።

ለጉልበት ቆጣሪዎቹ ምስጋና ይድረሳቸው። ዳኛው ፊሽካውን ከመንፋቱ በፊት ሶፋው ጫፍ ላይ ወጥተው ይቆጥራሉ። ዘጠኝ፣ አስር... ቆይ፣ ያ የቆመው ማነው? ምስሉን ያቆማሉ፣ ያጎላሉ። ኳሷ ሳትነካ ፍርዱ ተሰጥቷል።

ሂሳባቸውን ያበላሸባቸው ዊልፍሬድ ዛሃ ነው። ያኔ የእንግሊዙ ክለብ የክሪስታል ፓላስ አጥቂ የነበረው ዛሃ በ2021 (እ.ኤ.አ.) መንበርከኩን ተወ። ብንንበረከክም ብንቆምም ስድቡ አልቀረልንም ነው ያለው። ጥቁር ነው፣ በቆዳው ቀለም ስንቴ ተሰድቧል። ግን እሱ ምን ያውቃል? እሱ ተሰዳቢ ብቻ ነው። ስለ ዘረኝነት የሚያውቁት ሶፋው ላይ ያሉት ናቸው።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን የደቡብ አፍሪካን ክሪኬት ቦርድ ነው። እነሱ ቋንቋችንን ሳይማሩ «ጉልበት» ሁለት ትርጉም እንዳለው ገብቷቸዋል። በዚያው ዓመት በዓለም ዋንጫው ላይ የቡድኑ ተጫዋቾች ግማሹ ይንበረከካል፣ ግማሹ እጁን ያነሳል፣ ሌላው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቦርዱ ይሄ መዝረክረክ አላማረውም። ሁሉም ይንበርከክ ብሎ አዘዘ። ነጩ ተጫዋች ክዊንተን ዲ ኮክ አሻፈረኝ ብሎ ከዌስት ኢንዲስ ጋር በነበረው ጨዋታ ሳይሰለፍ ቀረ። እንጀራ እናቱ ጥቁር ናቸው፤ አብሮ መኖር ለእሱ የቤት ጉዳይ ነው። ቤት ውስጥ ግን ካሜራ የለም፣ ስለዚህ አይቆጠርም። ከሁለት ቀን በኋላ ይቅርታ ጠየቀ፤ በቀጣዩ ጨዋታ ተንበረከከ። በጉልበት ማንበርከክ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

(በነገራችን ላይ የዲ ኮክ ውሳኔ እኔንም አላስደሰተኝም። ግን የእሱ ውሳኔ ነበር።)

አንዳንድ ነገረኞች የድሮ ታሪክ ያነሳሉ። ጥቁር አሜሪካውያኑ ሯጮች ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ በ1968 ሜክሲኮ ላይ ማንም ሳያዛቸው ጡጫቸውን አነሱ፤ ከኦሊምፒኩ ተባረሩ። የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቹ ኮሊን ኬፐርኒክ በ2016 በራሱ ፈቃድ ተንበረከከ፤ ከዚያ የውድድር ዘመን በኋላ የሚያሰልፈው ቡድን አጣ። አያችሁ ስህተታቸውን? ሳይታዘዙ ነው የሠሩት። ትንሽ ቢታገሡ ኖሮ መመሪያው ይደርስላቸው ነበር።

ለማንኛውም ዘዴው ፍቱን ነው። እንግሊዝ ለአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ የተሰለፈችው ሐምሌ 2021 ነበር። ተጫዋቾቹ ከፊሽካው በፊት ተንበረከኩ። ማታ ጥቁሮቹ ተጫዋቾች ራሽፎርድ፣ ሳንቾና ሳካ ፍጹም ቅጣት ምት ሳቱ። ገና ሌሊቱ ሳይነጋ ማኅበራዊ ገጻቸው በዝንጀሮ ምስል ተጥለቀለቀ። ቆጣሪዎቹ ግን ምን ያድርጉ? ሂሳቡ ልክ ነበር። አንድም ጉልበት አልጎደለም።