የጋሎዴት ቡድን ኳሱ ይዘገብለት

መስማት ለተሳናቸው ስለተቋቋመው ስለ ጋሎዴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የሚጻፍ ዜና ካጋጠማችሁ፣ ገና በመጀመሪያው መስመር ተጫዋቾቹ መስማት የተሳናቸው እንደሆኑ ይነገራችኋል። ቀጥሎ ታሪኩ ልብ የሚነካ መሆኑ ይመጣል። ጨዋታው ስንት ለስንት እንዳለቀ ለማወቅ ግን እስከ ታች መውረድ አለባችሁ። አንዳንዴ ውጤቱ ጭራሽ አይጠቀስም።

ይህ ነገር ያናድደኛል። ቡድን ነው። ያሸንፋል፣ ይሸነፋል፣ ይሳሳታል፣ ይሻሻላል። ሌላውን ቡድን በጨዋታው እየመዘንን ይህንን ለብቻው በእንባ የምንመዝንበት ምክንያት አይታየኝም።

የ2013 የውድድር ዘመን ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ጋሎዴት በመደበኛው ውድድር ካደረጋቸው 10 ጨዋታዎች 9ኙን አሸነፈ። የምሥራቅ ኮሌጆች ፉትቦል ኮንፈረንስ ሻምፒዮን ሆነ። በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜም የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ማኅበር ኤንሲኤኤ ወደሚያዘጋጀው የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ ወደ ፕሌይኦፍ፣ ገባ። በዚያን ጊዜ በዲቪዥን ሦስት ፉትቦል ያላቸው ኮሌጆች ከ200 በላይ ነበሩ፤ ፕሌይኦፍ ይገቡ የነበሩት 32 ብቻ ናቸው። በመጀመሪያው ዙር ወደ ጄኔቫ፣ ኒው ዮርክ ተጉዘው በሆባርት ኮሌጅ 34 ለ 7 ተሸነፉ። ሆባርት ጠንካራ ቡድን ነበር፣ ሽንፈቱም ከባድ ነበር። ይህንንም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ለሌላ ቡድን የማንሸፍነውን ሽንፈት ለእነሱ መሸፈን ክብር መንሳት ነው።

የዘጠኙን ድል ክብደት ለመረዳት ዲቪዥን ሦስት ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። በዚህ ደረጃ የስፖርት ስኮላርሺፕ የሚባል ነገር የለም። ማንም ኳስ ስለሚችል ብቻ ክፍያው አይሸፈንለትም። ቅዳሜ የሚጋጨው ልጅ ሰኞ ጠዋት ክፍል ይገባል፣ ብዙዎቹም የትምህርት ብድር ተሸክመዋል። በቴሌቪዥን የምናየው የትልልቆቹ ኮሌጆች፣ የአላባማና የኦሃዮ ስቴት፣ ዓለም ሌላ ነው።

ጋሎዴት ደግሞ በዚህ ደረጃ ውስጥ እንኳ ትንሽ ነው። ተማሪው ከ2,000 በታች ነው። ሌላው ኮሌጅ በየከተማው ካለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተጫዋች ይመለምላል። የጋሎዴት አሠልጣኞች የሚፈልጉት ልጅ ግን በመላ አገሪቱ የተበታተነ ነው። አንዱ መስማት ለተሳናቸው ከተቋቋመ ትምህርት ቤት ይመጣል፤ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ብዙ ጊዜ በስምንት ሰው ፉትቦል የሚጫወቱ ናቸው። የካሊፎርኒያው የሪቨርሳይድ ትምህርት ቤት በዚሁ በስምንት ሰው ጨዋታ በ2022 ሻምፒዮን ሆኗል። ሌላው ልጅ ደግሞ የሚሰሙ ልጆች መካከል ብቻውን ያደገ ነው፤ የምልክት ቋንቋን በደንብ የሚማረው ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ሊሆን ይችላል። ይህ ልጅ የጨዋታውን እቅድና ቋንቋውን አንድ ላይ ያጠናል ማለት ነው። ከ2010 ጀምሮ ዋና አሠልጣኝ የሆነው ቸክ ጎልድስታይን ራሱ የሚሰማ ሰው ነው፤ የምልክት ቋንቋውን ተምሮ ነው ቡድኑን የሚመራው። ፉትቦሉ ራሱም በዩኒቨርሲቲው ለዓመታት ወደ ክለብ ደረጃ ወርዶ ቆይቶ ነበር። ከዚያ ተነስቶ ሻምፒዮን መሆን ቀላል ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ሜዳው እንግባ፤ እኔን የሚማርከኝ እዚህ ያለው ነው።

በተለመደው ፉትቦል ጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች፣ ኳርተርባኩ፣ ይጮሃል፣ ኳሱ በድምፁ ይነሳል። ጋሎዴት ውስጥ ኳሱን በዓይን ነው የሚጠብቁት። መስመር ላይ ያለው ግዙፍ ልጅ ከፊቱ ተጋጣሚው እያፈጠጠበት፣ ኳሷ ስትንቀሳቀስ አይቶ በዚያችው ቅጽበት መነሳት አለበት። ትልልቆቹ ቡድኖች ጫጫታ የበዛበት ስታዲየም ሲሄዱ ይህንን ለመልመድ ሳምንቱን ሙሉ ይለፋሉ። ለጋሎዴት የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ድሮ ከሜዳው ዳር ትልቅ ከበሮ ያስመቱ ነበር፤ ተጫዋቾቹ ንዝረቱን በሰውነታቸው ሰምተው ይነሳሉ።

ተጋጣሚ በጩኸት ሊያሳስታቸው አይችልም። ኳርተርባኩ ከ30 ያርድ ርቀት ላለ ተቀባይ በእጁ የፈለገውን ይነግረዋል፣ የደጋፊ ጩኸት አያግደውም። ግን ዋጋም አለው። መልእክቱን ለመቀበል ዓይንህን ማንሳት አለብህ፣ ዓይንህን ባነሳህበት ሰከንድ ደግሞ ከፊትህ ያለው ተከላካይ ቦታ ሊቀይር ይችላል። የዳኛው ፊሽካ አይሰማም። ከኋላ የሚመጣ ሰው ካለ “ተጠንቀቅ!” ብሎ የሚጮህልህ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ተጫዋች ሜዳውን የማየት ልማዱ ከፍ ያለ መሆን አለበት። ዜና ጸሐፊው ስለዚህ ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል፤ ይህ የኳስ እውቀት ነው።

ሃድል የሚባለውን ሁላችሁም አይታችኋል። ተጫዋቾች ከእያንዳንዱ እንቅስቃሴ በፊት ክብ ሠርተው አንገታቸውን ደፍተው ይመካከራሉ። ይህ ልማድ በ1890ዎቹ የጋሎዴት ኳርተርባክ ከነበረው ከፖል ሃባርድ ጋር ተያይዞ ነው የሚነገረው። ጋሎዴት የምልክት ቋንቋ ከሚያውቅ ሌላ ቡድን ጋር ሲጫወት ተጋጣሚው ምልክቱን እያየ እቅዱን ያነብበው ነበር። ሃባርድ ልጆቹን ዙሪያውን ሰብስቦ እጁን በመሃል ደበቀው። ዛሬ በትልቁ የፍጻሜ ጨዋታ፣ በሱፐር ቦውል፣ የምናየው ክብ ሥሩ እዚያ ነው ይባላል። ለአገሩ ሁሉ የሚጠቅም ነገር ያዋጣን ቡድን እንደ ተረጂ ብቻ ማቅረብ አግባብ ነው?

የራስ ቁሩም ነገር እንዲሁ ነው። የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ ኤንኤፍኤል ከ1994 ጀምሮ አሠልጣኙ ለኳርተርባኩ በሬዲዮ ጆሮው ውስጥ እንዲናገር ፈቅዷል። ለማይሰማ ኳርተርባክ ይህ ምንም አያደርግለትም። በ2023 የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ እና ጋሎዴት አብረው ሌላ መንገድ ሠሩ። አሠልጣኙ እቅዱን ከታብሌት ይመርጣል፣ ምርጫው በፋይቭ ጂ ኔትወርክ ሄዶ በኳርተርባኩ ቁር ውስጥ ባለ ትንሽ መስታወት ላይ ይታያል። በኦክቶበር 7 ከሂልበርት ኮሌጅ ጋር ሲጫወቱ ተጠቀሙበት፣ አሸነፉም።

ካሜራው ሁሉ ስለ ቴክኖሎጂው ነበር። እኔ የገረመኝ ፈቃዱ ነው። ኤንሲኤኤ ያኔ የፈቀደው ለአንድ ጨዋታ ብቻ ነበር! በሚቀጥለው ዓመት ነው ለውድድር ዘመኑ የተፈቀደው። ፈቃዱ በመስፋቱ ደስ ብሎኛል። ግን መነሻው ላይ ቆም ብለን እናስብ። በእንቅስቃሴዎች መካከል ያለው 40 ሰከንድ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ኳርተርባኩ ወደ ዳር ያያል፣ ምልክቱን ያነባል፣ ለአሥር ሰው ያስተላልፋል፣ ከዚያ ተከላካዩን ያጠናል። የሚሰማው ተጋጣሚው ዳር ባይመለከትም የጩኸት መልእክት ይደርሰዋል። ልዩነቱን የሚያጠብ መሣሪያ እንደ ልዩ ችሮታ በአንድ ቀን ሊሰፈር አይገባውም ነበር። ደንቡ የተጻፈው የሚሰማ ተጫዋች ብቻ ታስቦ ነው። ደንብ ደግሞ ይሻሻላል፤ ሰው ያወጣው ነው።

ነገሩ እኛንም ይነካናል። ጋሎዴት ያለው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ነው፣ ከፍሎሪዳ አቬኑ ዳር። አብርሃም ሊንከን በ1864 ዲግሪ እንዲሰጥ የፈቀደለት ተቋም ነው። ስንቱ የእኛ ሰው በየቀኑ በታክሲና በኡበር በአጥሩ ሥር ያልፋል። የሜትሮ ጣቢያው እንኳ ስሙን ይዟል፣ ኖማ ጋሎዴት ዩ ይባላል። በበሩ የገባው ግን ጥቂት ነው ብዬ አስባለሁ።

በቤታችን የማይሰማ ልጅ ሲወለድ ጸሎቱና ጠበሉ ይበዛል፣ እንባውም እንደዚያው። ይህንን አላቃልልም፣ ከፍቅር የመጣ ነው። ግን የምልክት ቋንቋ ቁጭ ብሎ የሚማር አጎት፣ የሚማር አያት ስንት አለ? ልጁ ግብዣ ላይ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ ሁሉም እየመጣ ራሱን ይዳብሰዋል፣ ማንም አያወራውም። በአገር ቤት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል፤ ቋንቋው የሚጠና ሙሉ ቋንቋ እንደሆነ ከዚህ በላይ ምስክር የለም። ያ ልጅ ስታዲየም ውስጥ አሠልጣኝ ሲቆጣ፣ ኳርተርባክ ሲያዝ፣ ተማሪው በሙሉ በእጁ ሲጨቃጨቅ ቢያይ ምን እንደሚሰማው አስቡት። እዚያ ጥግ የሚይዘው እኔና እናንተ ነን፤ ወሬው የማይገባን እኛ ነን።

የውድድሩ ዘመን ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፣ ጨዋታው በአብዛኛው ቅዳሜ ቀን ነው። ሜዳው ሆችኪስ ፊልድ ይባላል፣ ግቢው ውስጥ ነው፣ ከሜትሮ ጣቢያው በእግር ይደረሳል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የሚሰማም የማይሰማም ካላችሁ ሁለቱንም። ለማጨብጨብ ሁለት እጅ ከፍ አድርጎ መዳፍን ማወዛወዝ ነው፣ ለመልመድ ደቂቃ አይፈጅም። ቡድኑ መጥፎ ከተጫወተ ደግሞ እንደ ማንኛውም ደጋፊ ተበሳጩበት።