«ሰላም ነው ወንድሜ?» ብሎ ድብድብ

ኧረ በእግዜር ተርጓሚዎች፣ ረሽ አወር የሚባለው ፊልም ምን በደላችሁ?

ቅዳሜ ከሰዓት እማዬን «ዛሬ የሚያስቅ ፊልም ላሳይሽ» ብዬ አስቀመጥኳት። ከቴሌግራም ያወረድኩት ትርጉም ነው። ያው በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የጃኪ ቻንና የክሪስ ታከር። አንዱ ሊ፣ የሆንግ ኮንግ መርማሪ፤ ሌላው ካርተር፣ ምላሱ የማያርፍ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ። የታገተች የቆንስል ልጅ ይፈልጋሉ። ልጅቷን ማን ይጠይቃታል፣ ሳቁ ያለው የሁለቱ አለመግባባት ላይ ነው።

ካርተር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሊን ሲቀበለው «ከአፌ የሚወጣው ቃል ይገባሃል?» እያለ ይጮህበታል። ሊ ዝም ብሎ ፈገግ። እንግሊዝኛ እንደሚችል የምናውቀው በኋላ ነው። የኛ ተርጓሚ ግን ሊ ሳይተነፍስ «ይገባኛል፣ ዝም ልበለው» ብሎ አሰበለት! ያውም ሁለቱም በአንድ ድምፅ፣ በአንድ አማርኛ።

መጠጥ ቤቱ ደግሞ ባሰ። ካርተር ጥቁር ጓደኞቹን የሚጠራበት ቃል አለ፤ በነሱ አፍ ሰላምታ፣ በሌላ ሰው አፍ ስድብ። ሊ የሰማውን እንዳለ ለአሳላፊው ሲደግመው ቤቱ ይታመሳል። በኛ ትርጉም «ሰላም ነው ወንድሜ?» ሆኗል። ከዚያ ቡጢ።

«ምነው፣ ሰላም ስላለ ነው የሚደበድቡት?» አለች እማዬ። ምን ልበላት?

በ33 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ ከ240 ሚሊዮን በላይ ያስገባ ፊልም እኮ ነው። ሮተን ቶሜቶስ የሚባለው ድረ ገጽ ራሱ የተጀመረው አንድ የጃኪ አድናቂ የዚህን ፊልም ሂስ ልሰብስብ ብሎ ነው።

ትርጉም ይቅር አላልኩም። እማዬ እንግሊዝኛ አትችልም። ግን ሁለት ሰው ማናገር ይሄን ያህል ይከብዳል? ካርተር በአራዳ ቋንቋ ቢለቀው፣ ሊ በመጽሐፍ አማርኛ ቢመልስለት አስቡት!

ያንገበገበኝ ግን መጨረሻው ነው። የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር እየወረደ የቀረጻ ስህተቶች ይታያሉ። ታከር ሦስት የቻይንኛ ቃል አልወጣ ብሎት ይንተባተባል፣ ጃኪ ይስቅበታል። ፊልሙን ሙሉ በሊ ላይ ሲያሾፍ የከረመው ሰው! ያ ክፍል ተቆርጧል። በቦታው «ቻናላችንን ሰብስክራይብ ያድርጉ»።

እማዬ ደግሞ «ተርጓሚው ግን ሲያስቅ!» አለች። ክፍል ሁለትን እያወረድኩላት ነው።