የእድገቱ ወሬ የሚወራው እኛ በሌለንበት ነው

ደሴ ውስጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠራ ሴት ክፍት የሥራ መደብ መኖሩን የምታውቀው ማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ነው፤ ወንድ ባልደረባዋ ግን መደቡ ሊለቀቅ መሆኑን አስቀድሞ ሰምቶ፣ የጎደለውን ማስረጃ አሟልቶ፣ የሥራ ልምዱን አጽፎ፣ ከቅርብ አለቃው ጋር ተነጋግሮ ጨርሷል። ይህን ጉዳይ ለዓመታት በሆዴ ይዤው ኖሬአለሁ። ዛሬ የምጽፈው፣ ሰሞኑን ለሴት ሠራተኞች በተሰጠ ስልጠና ላይ፣ ሴቶች ወደ ኃላፊነት የማይመጡት ትውውቃቸው ጠባብ ስለሆነ ነው፣ ስለዚህ ኔትወርካችሁን አስፉ የሚል ምክር ሰምቼ ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው።

ወሬው የት እንደሚወራ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ከሥራ መልስ በርጫ ላይ ይወራል፣ ማታ ፒያሳ አካባቢ ባሉ ካፌዎች ይወራል፣ ቅዳሜ ሐይቅ ድረስ ተሂዶ ዓሣ ሲበላ ይወራል። ማን ሊዛወር እንደሆነ፣ የትኛው ቡድን ከየትኛው ጋር ሊዋሐድ እንደታሰበ፣ አዳማ ላይ ለሚሰጠው ስልጠና የማን ስም እንደሚላክ የሚታወቀው እዚያ ነው። በማግሥቱ ቢሮ ውስጥ የሚደረገው ስብሰባ ቀድሞ ያለቀውን ነገር ቃለ ጉባኤ ላይ ለማስፈር የሚደረግ ነው፤ ቃለ ጉባኤውን የምትይዘውም ሴቷ ናት። ሰው ከሰው ጋር መቀመጡን አልነቅፍም፤ ወሎ በአብሮ መቀመጥና በጨዋታ የኖረ አገር ነው። ቅሬታዬ የሕዝብ የሆነ መረጃና የሁላችንም የሆነ ዕድል እኛ ልንገባበት በማንችልበት ቤት ውስጥ መታደሉ ላይ ነው። ከወንዶች ጋር በርጫ የተቀመጠች ባለትዳር ሴት በሰፈር ምን እንደሚባልባት ለማንም መንገር አያስፈልግም። ካልተቀመጠች ደግሞ «ከሰው ጋር አትቀላቀልም» ተብላ ትፈረጃለች፤ ይህም ቃል ዞሮ ዞሮ የሥራ አፈጻጸም ምዘናዋ ላይ «የቡድን መንፈስ» በሚለው መስፈርት ነጥብ ሆኖ ይቀነስባታል።

የሥራ ሰዓት የሚያበቃው 11፡30 ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ወንዱ ለትውውቅ ያውለዋል፤ ሴቷ ግን ሁለተኛ ሥራዋን የምትጀምርበት ሰዓት ነው። ልጅ ከሞግዚት ወይም ከአያት ቤት ትረከባለች፣ በፈረቃ የምትመጣው ውኃ ሳትሄድ ጀሪካኑን መሙላት አለባት፣ እራት ታዘጋጃለች፣ የልጅ የቤት ሥራ ታያለች፣ የታመመ ዘመድ ካለ ሆስፒታል ትደርሳለች። እንዲህ የምትውል ሴት ትውውቋን በየትኛው ሰዓት እንድታሰፋ ተፈልጎ እንደሆነ ከአሠልጣኞቹ አንዱም ሲናገር አልሰማሁም።

ደግሞስ የወሎ ሴት ከሰው ጋር መገናኘት አታውቅም ያለው ማን ነው? ቅሬውን፣ ማለትም እድራችንን፣ ተመልከቱ። ሰው በሞተ ሰዓት ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ እንጀራው፣ ውኃው፣ ቡናው ሳይጓደል የሚቀርበው ሴቶች ማን ምን እንዳለው፣ ማን ማንን መላክ እንደሚችል፣ የትኛዋ ቤት ምን እንደጎደላት አንድ በአንድ ስለሚያውቁ ነው። ክርስቲያን ሙስሊሙ ሳይለያይ ለቅሶና ሠርግ የሚዘልቀው በእነሱ ትከሻ ላይ ነው። በ2013 ክረምትና በ2014 መግቢያ ላይ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ወገናችን በደሴ ትምህርት ቤቶች ሲጠለል፣ የምግብ ዕቃና ብርድ ልብስ ከየቤቱ እየሰበሰቡ የትኛዋ አራስ የትኛው ክፍል ውስጥ እንደተኛች እየለዩ የሚያደርሱ ሴቶችን በዓይኔ አይቻለሁ። ከእነዚያ መካከል ብዙዎቹ ቀን ቢሮ የሚውሉ፣ ምሽቱን ግን እዚያ የሚያሳልፉ ነበሩ። ሰው ማሰባሰብ፣ ገንዘብ መያዝ፣ በችግር ሰዓት መወሰን፣ የተጣላን ማስማማት አመራር ካልሆነ አመራር ምን እንደሆነ ያስረዱን። ይህ ሁሉ ችሎታ በሰፈር ሲሆን «ደግነት» ተብሎ ይመሰገናል፤ ለሹመት ስንወዳደር ግን በየትኛውም ቅጽ ላይ የሚሞላበት ቦታ የለውም።

በእኛ ክፍል ሁላችንም እትዬ ብለን የምንጠራት አንዲት ባልደረባ አለች። ማኅደር ቤቱን ታውቀዋለች ማለት ያንስባታል፤ የጠፋ ደብዳቤ ሲፈለግ ዓመተ ምሕረቱንና የላከውን መሥሪያ ቤት ከሰማች ወንበሯን ወደ መደርደሪያው ስባ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ከላይኛው ረድፍ ላይ በቀጥታ ታወጣዋለች። አዲስ ኃላፊ ሲመደብ ሥራውን የሚማረው ከእሷ ነው። የቡድን መሪው ተዛውሮ ቦታው ክፍት በሆነ ጊዜ ግን በተጠባባቂነት የተመደበው እሷ ራሷ ሥራ ያስተማረችው ወጣት ነበር። ለምን እንደሆነ ስትጠይቅ የተሰጣት መልስ «እርስዎን መስክ ይከብድዎታል ብለን ነው፣ የቤተሰብም ኃላፊነት አለብዎት» የሚል ነበር። መስክ ይከብድዎታል ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም። ወጣቱ ልጅ ጥፋት የለበትም፤ እንዲያውም ዛሬም ድረስ የቸገረውን የሚጠይቀው እሷኑ ነው፣ እሷም ሳትሰለች ታሳየዋለች። እኔን የሚያንገበግበኝ በአሳቢነት ስም የሰው ዕድል እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር መዘጋቱ ነው።

ሕጉማ አለ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥር፣ በሥራ እድገት፣ በእኩል ክፍያና ጡረታን በማስተላለፍ የእኩልነት መብት እንዳላቸው በግልጽ ይናገራል። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ላመጣች ሴት ቅድሚያ እንዲሰጥ፣ መሥሪያ ቤቶችም የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር። እኔ በምሠራበት ቅርንጫፍ ለማቆያ ተብሎ የተሰጠው ክፍል ውስጥ ያለው የተሰበረ ወንበርና አሮጌ የኮምፒዩተር ካርቶን ነው፤ በሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ብቻ ሕፃናትን ይጠቅሳል። ከወሊድ የተመለሰች ባልደረባችን ጡቷ ወተት ሞልቶ ሲያማት መጸዳጃ ቤት ገብታ በእጇ ስታልብ ያገኘኋት ከዚያ ክፍል ጥቂት እርምጃ ርቃ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራው እህቴ የምትተዳደርበት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ሲሰጥ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው። የእናትየው ፈቃድ የሚገባት ነው፤ ነገር ግን አባት በ3 ቀን ወደ ሥራው ከተመለሰ የልጅ ጉዳይ የማን እንደሆነ ሕጉ ራሱ ወስኖታል ማለት ነው፤ አሠሪውም ሴት ሲቀጥርና ሲያሳድግ ይህንኑ ያሰላል።

በየዓመቱ የካቲት 29 ማርች 8 ሲከበር ነገሩ ይብስብኛል። ቀኑ የእኛ ነው ተብሎ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቄጠማ የምንጎዘጉዘው፣ ቡና የምንቆላው፣ ፈንዲሻ የምናድለው እኛ ነን፤ ንግግር የሚያደርጉት ወንዶች ኃላፊዎች ናቸው። ዳቦው ይቆረሳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ለሪፖርት ይላካል። በ2011 ጥቅምት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ግማሹ ሴት ሲሆንና ሀገሪቱ ሴት ርዕሰ ብሔር ስታገኝ ከልቤ ተደስቼ ነበር፤ ያ ለውጥ ግን አራት መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ እኛ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አልደረሰም።

ጤናችንስ? ያው ስልጠና ከሰዓት በኋላ የነበረው ክፍል ስለ ሥነ ልቡና ደህንነት ነበር። ጭንቀት ቀንሱ፣ በቂ እንቅልፍ ተኙ፣ ለራሳችሁ ጊዜ ስጡ ተባልን፤ ስልጠናው የተሰጠው ግን ቅዳሜ ነው፣ ልጆቻችንን ለሰው ጥለን። ከአጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ራስ ምታቷ ከሳምንት ሳምንት አልለቅ ብሏት የደም ግፊት ነው ተብላ መድኃኒት ጀምራለች። እረፍት ጠይቂ ብላት፣ ፈቃድ የምታበዛ ሴት የሚል ስም እንዳይወጣላት ፈርታ እንደተወችው ነገረችኝ። «አብሽሪ፣ አላህ ያመቻቸዋል» ከማለት በቀር የምላት አጣሁ። ሰው በሥራው ተገቢውን ቦታ ሳያገኝ፣ ሌሊት በቂ እንቅልፍ ሳይተኛ፣ አልቻልኩም ለማለት እንኳን ፈርቶ፣ የመተንፈስ ልምምድ ይበቃዋል ብሎ ማሰብ ተገቢ አይደለም።

የምጠይቀው ብዙ በጀት የሚፈልግ ነገር አይደለም። ማንኛውም ክፍት የሥራ መደብና ስልጠና በሰሌዳም በሠራተኛው የቴሌግራም ግሩፕም በአንድ ቀን ይውጣ፤ ዓርብ ከሰዓት ተለጥፎ ሰኞ የሚያበቃ ማስታወቂያ ይቅር። ለስልጠናና ለመስክ ማን እንደተላከ፣ ማን ውሎ አበል እንዳገኘ በየሩብ ዓመቱ ይገለጽ፤ ተራ ይኑረው። ስብሰባ ከ11፡30 በፊት ይለቅ፤ ቃለ ጉባኤ መያዝ በተራ ይሁን። የማቆያው ክፍል ካርቶኑ ወጥቶ ምንጣፍና አልጋ ይግባበት። ሴት መስክ ትውጣ አትውጣ የሚለውን ከመወሰን በፊት ሴትዮዋ ትጠየቅ። ይህንን በጽሑፍ አድርጌ ለሰው ኃይል ክፍል አስገብቻለሁ፤ የደረሰኝ ምልክት ያለበት ቅጂም በእጄ ነው።

ወልድያ፣ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ መካነ ሰላም የምትሠሩ እህቶቼ፣ በእናንተ መሥሪያ ቤት የእድገት ማስታወቂያ ስንት ቀን ይቆያል? የሕፃናት ማቆያስ አላችሁ? የሚሠራ ያላችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳስከፈታችሁት ጻፉልኝ፤ ማመልከቻዬ ላይ በምሳሌነት አያይዘዋለሁ።