እርማት፦ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ እና የጉበት ጠባሳ

«ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የጉበት ጠባሳን እንደሚያድን በአይጦች ስለተረጋገጠ፣ የድኝ ፍልውሃ እንፋሎት መታጠን ለጉበት ሕመምተኛ ይበጃል» በማለት የሰጡት አስተያየት እርማት ያስፈልገዋል። አይጦቹ ሃይድሮጅን ሰልፋይድን፣ ማለትም የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተውን ጋዝ፣ አልታጠኑትም፤ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ጋዙን የሚለቅ ሶዲየም ሃይድሮሰልፋይድ የተባለ ጨው በጥቂቱ ተመጥኖ ሆድ ዕቃቸው ውስጥ በመርፌ ተሰጣቸው እንጂ። ጉበታቸውን ለመጉዳት ካርቦን ቴትራክሎራይድ የተባለ መርዝ ለሳምንታት ይሰጣቸዋል፤ ጨውም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ከመርዙ ጎን ለጎን ነው። ስለዚህ በቀለም የተነከረው የኮላጅን (ጠባሳውን የሚሠራው ፕሮቲን) ክር በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሳስቶ መገኘቱ የሚያሳየው ጠባሳው እንዳይበረታ መከላከሉን ነው፤ የቆየ ጠባሳን መሻር ሌላ ጥያቄ ነው። (መርዙ ሲቋረጥ የአይጥ ጉበት ጠባሳ በራሱም እንደሚቀንስ ብዙዎች ይዘነጉታል።) በሰው ላይ ግን የጉበት ጠባሳ መንስኤው ብዙ ጊዜ ለዓመታት የቆየ ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ፣ አለዚያም አልኮል ነው። ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ መታጠኑ ነው፤ ጋዙ በአየር ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን 100 እጅ ሲደርስ ለሕይወት አስጊ ይሆናል፤ በዚያው መጠን አፍንጫም ስለሚደነዝዝ ሽታው የጠፋ ይመስላል።