ማስተካከያ፦ ኦሽን ሲቲ ሁለት ነው

ባለፈው ሳምንት «ኦሽን ሲቲ ባህር ዳርቻ ለመግባት ለልጆችም ጭምር ባጅ ግዙ» ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ። ባጅ የሚጠየቀው የኒው ጀርሲው ኦሽን ሲቲ ነው። ብዙዎቻችን ከዲሲና ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን ቤይ ብሪጅን ተሻግረን የምንሄድበት የሜሪላንዱ ግን ነፃ ነው። እዚያ ኪስ የሚነካው ፓርኪንጉ ነው። እኔን አምኖ የሄደ ወዳጄ ትኬት መቁረጫ ፍለጋ ቦርድዎኩን (በባህሩ ዳር ያለውን የእንጨት መሄጃ) ግማሽ ሰዓት ዞሮታል። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ አሁንም ይስቅብኛል።

የኒው ጀርሲው ባጅ ትንሽ የፕላስቲክ ነገር ነው፤ ዋና ልብስ ወይም ቦርሳ ላይ ይሰካል። ጃንጥላችሁን ተክላችሁ፣ ዳቦ ቆሎውን ከፍታችሁ ገና ስትቀመጡ ተቆጣጣሪው ከፊታችሁ ይቆማል። ይህም በአሜሪካው በጋ (ሰመር) ወራት ነው። የልጆቹን ነገርም ላርም፦ በግዛቱ ሕግ ከ12 ዓመት በታች ያሉ አይከፍሉም። «ከሌላ ቦታ ነው የመጣችሁት» ተብሎ ዋጋ መጨመርም የለም፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1972 እ.ኤ.አ. ከልክሎታል። እዚያው ኒው ጀርሲ ሆናችሁ መክፈል ካልፈለጋችሁ አትላንቲክ ሲቲ ባጅ አይጠይቅም።

ጂፒኤስ ላይ ስትጽፉ ግዛቱን እዩ።