ምግብ አልወርድ ላለው ሰው ኢንዶስኮፒ ይቅደም

«ምግብ ደረቴ ላይ ይቆምብኛል» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ጨጓራ ነው» የሚል ነው። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ይታዘዝለትና ከወር በኋላ እንዲመለስ ይነገረዋል። ይሄ አሠራር መቅረት አለበት ባይ ነኝ፤ ምልክቱ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ቧንቧውን ማየት) ይቅደም።

መዋጥ ያስቸገረው ሁሉ ካንሰር አለበት ማለት አይደለም፤ አብዛኛው የለበትም። ግን ማን መቅደም እንዳለበት መለየት ይቻላል። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤድንብራ መመዘኛ የካንሰሩን ሥጋት በነጥብ ይለካል፤ የሚጠይቀው ስድስት ነገር ነው፦ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ከ3 ኪሎ በላይ መክሳት፣ ችግሩ የቆየበት ጊዜ፣ ምግቡ የሚቆመው አንገት ላይ ይሁን ደረት ላይ፣ ቃር መኖር አለመኖሩ። ዕድሜው የገፋ፣ የከሳ፣ ችግሩ በቅርብ የጀመረው ወንድ ነጥቡ ከፍ ይላል። ቃር ያለበት ሰው ደግሞ ነጥቡ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ለዓመታት የቆየ ቃር ራሱ ለአንድ ዓይነት የምግብ ቧንቧ ካንሰር ያጋልጣል። ስለዚህ ነጥቡ ወረፋ ለማስተካከል ጥሩ ነው፤ ሰውን «ምንም የለብህም» ብሎ ለመሸኘት ግን አይሆንም። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝ መመሪያም መዋጥ የተቸገረን ሰው ዕድሜውን ሳያይ በሁለት ሳምንት ውስጥ ኢንዶስኮፒ እንዲታይ ይል ነበር። ትክክል ነው።

ከነጥቡ በፊት ግን አጠያየቁ ይስተካከል። «መዋጥ ያስቸግርዎታል?» ሲባል ብዙ ሰው «ኧረ ደህና ነኝ» ይላል። ውሸቱን አይደለም፤ ለምዶታል። ሥጋ ከተወ ቆይቷል። ዳቦውን በሻይ እያራሰ ነው የሚበላው። በየጉርሻው ውሃ ይጎነጫል። ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ ቀርቦ የመጨረሻው የሚነሳው እሱ ነው። «ሥጋ መብላት መቼ ተዉ? ለምን?» ቢባል ግን ታሪኩ ይወጣል። አብሮት የመጣው ሰውም ይጠየቅ፤ ብዙ ጊዜ እሱ ነው የሚያውቀው።

ቀጥሎ አካሄዱ ይጠየቅ። መጀመሪያ ጠጣር ምግብ፣ ከሳምንታት በኋላ ለስላሳው፣ ከዚያ ፈሳሹ እምቢ እያለ ከሄደ ቧንቧው እየጠበበ ነው። ከመጀመሪያው ጠጣሩም ፈሳሹም እኩል ካስቸገረ የቧንቧው ጡንቻ ችግር ሊሆን ይችላል። ያም ቢሆን ምርመራ ይፈልጋል።

ኦሜፕራዞሉ ለጊዜው ቀለል ሊያደርገው ይችላል። ችግሩም እሱ ነው፤ ሰውየው ተሻለኝ ብሎ ይቀራል። አንዳንዴም መድኃኒቱ የካንሰሩን ቁስል ላይ ላዩን ያደርቀውና በኋላ በኢንዶስኮፒ ለመለየት ያስቸግራል። ሐኪሙ ማዘዣ ወረቀቱን ከማንሳቱ በፊት የኢንዶስኮፒ ቀጠሮውን ይያዝለት።